ጋሼ ብዙነህ የፈረሙት ደብዳቤ

ሳስካችዋን፣ ካናዳ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ብዙነህ፣

እግዚአብሔር እርስዎንም ቤትዎንም በጤና ይጠብቅልኝ። የጎባ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ በረዶው መሬቱን ከሸፈነ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከበረዶው ስር ያለው ግን የስንዴ ማሳ ነው፤ የኛን የሲናና ማሳ ያየ ሰው አይደነግጥበትም። እማዬን እየሄዱ ስለሚጠይቁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። «የአክስቴ ልጅ አትበሉት፣ ወንድሜ ነው» የምትለው ያለ ነገር አይደለም።

ይህንንም እንደ ልማዳችን በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ለኢህሳን በቴሌግራም ልኬዋለሁ። ሮቤ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤቷ አትማ ትሰጥዎታለች። ኢህሳን፣ እያነበብሽው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ገጾቹን በቅደም ተከተል ስጪያቸው። በስልክ ያልነገርኩዎት እማዬ ቤት ስደውል ሁሌ ሰው ስለማይጠፋ ነው። ይህ ደግሞ በሰው ፊት የሚወራ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ማስተርስ ሳመለክት የእንግሊዝኛ መምህሬ ነዎትና የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቄዎት ነበር። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወር ሲቀርዎት ነው። «አንቺው ጻፊና አምጪ፣ እፈርማለሁ» አሉኝ። ጻፍኩ፣ ፈረሙ፣ ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ደብዳቤ ላለማሰብ ስሞክር ነው የኖርኩት።

ባለፈው ሳምንት አማካሪዬ ዶክተር ፍሬዘር የጻፍኩትን ጥናት ስትመልስልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ስር ሁለት መስመር አስምራበታለች። «አንባቢ ጥያቄን እንደ እንግዳ ይቀበለዋል፤ መጀመሪያ ያስቀምጠዋል፣ ስሙን የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው» የሚል ነው። ፋይሌን ከመሳቢያ አወጣችና የእርስዎን ደብዳቤ አነበበችልኝ። ለካ እዚያም ላይ ጽፌዋለሁ! «አዜብ ጥያቄን እንደ እንግዳ ትቀበላለች» ይላል። ዶክተሯ እኔን ከተቀበሉት የኮሚቴ አባላት አንዷ ነበረች፤ ደብዳቤውን እስካሁን አልረሳችውም። «ለካ ከመምህርሽ ነው የተማርሽው!» አለችኝ፤ ፊቷ በደስታ በራ።

እኔም አዎ አልኩ። ጋሼ፣ አዎ አልኩ።

አሁን ዶክተሯ እርስዎን ማየት ትፈልጋለች። ሥነ ጽሑፍ በየአገሩ እንዴት እንደሚሰጥ የምታስተምርበት ክፍል አላት፤ ጥር 21 ቀን በቪዲዮ ገብተው ግማሽ ሰዓት ለተማሪዎቿ እንዲናገሩላት ትጋብዝዎታለች። በመጋቢት ለዶክትሬት ስለማመለክትም ሌላ የድጋፍ ደብዳቤ ከእርስዎ ትጠብቃለች። እኔ ምን ልበላት? ኢህሳን ሱቅ ኮምፒውተሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጡልኝ ነገሩ ሁሉ በሰላም ያልፋል። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

በአክብሮት
ልጅዎ አዜብ ደጀኔ


ጎባ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዜብ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ የሄድሽበት ይቅናሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነባብቷል። የዘገየሁት በአዝመራው ነው። ሲናና ያለችኝን መሬት የሚያርስልኝ ባዳሳ «ኮምባይነር ተገኝቷል፣ ቶሎ ና» ብሎ ጠራኝ። ስደርስ ኮምባይነሩ የጎረቤት ማሳ ገብቷል። በማግስቱ ሲመጣልን ሰማዩ ጠቆረ። ሦስት ቀን ዝናቡ ጣለ አልጣለ እያልን ስንፈራ ሰነበትን፤ መጨረሻ ላይ ግን እግዜር ምሮን ስንዴው ገባ። እናትሽ ደህና ናት። ጉልበቷን አሟት ሆስፒታል ወስጃት ኪኒን ሰጧት፤ ኪኒኑን ትታ እኔን መቆጣት ይዛለች።

ስለ ደብዳቤው የተጨነቅሽበት ምክንያት አልገባኝም። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ለስንቱ ፈርሜያለሁ! የትኛው መምህር ነው ቁጭ ብሎ የሚጽፈው? ጉዳዩን የሚያውቀው ባለጉዳዩ ነው። የኔ ድርሻ ውሸት አለበት የለበትም ብዬ አይቼ መፈረም ነው። አየሁት፣ ውሸት አልነበረበትም፣ ፈረምኩ። እኔ ራሴ ኮሌጅ ስገባ ዳይሬክተራችን «ጽፈህ አምጣ» ነው ያሉኝ። እሳቸውንም ሌላ ሰው እንደዚያው ብሏቸው ይሆናል።

የእንግዳው ነገር ግን ከኔ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ጥያቄ የጠየቀኝን ተማሪ «ቁጭ በል፣ በኋላ» እንደምል አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ እንግዳውን ከበር ነበር የምመልሰው።

ቪዲዮውን በተመለከተ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብን። መብራቱ ይመጣል ይሄዳል። ኔትወርኩን አንቺም ታውቂዋለሽ። ጥርሴንም እያመመኝ ነው፤ ስናገር ያስቸግረኛል። ለሴትዮዋ አርጅቷል፣ ጆሮው አይሰማም በያት። ክፉ ሰው ካልሆነች ይገባታል።

እናትሽ ጋቢ ልላክላት ትላለች። እዚያ የሚለበስ ከሆነ ጻፊልኝ።

ብዙነህ


ሳስካችዋን
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ብዙነህ፣

ጥርስዎን እግዚአብሔር ይማርልኝ፤ ስንዴውም በሰላም በመግባቱ ደስ ብሎኛል። ደብዳቤዎ እስኪመጣ አንድ ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በየቀኑ ቴሌግራሜን እየከፈትኩ ስዘጋ ነበር የከረምኩት።

ጋሼ፣ ይቆጡኝ ይሆናል፣ ግን ሌላ ውሸት ልጨምር? ጆሮዎ አይሰማም ብላትም መጋቢት ላይ ደብዳቤዎን መጠበቋ አይቀርም። ደግሞ ዶክተር ፍሬዘር ጥያቄዎቹን በጽሑፍ ልላክላቸው ትላለች እንጂ አትተወንም። በጣም ወዳዎታለች። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ብትጠረጥረኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ ነገሩ እንደኛ አገር አይደለም። መጀመሪያ ስንገባ ሁላችንንም አስቀምጠው በማጭበርበር የሚያስቀጣውን ዘርዝረው ነግረውናል። የራስን የድጋፍ ደብዳቤ በሌላ ሰው ስም መጻፍ ከፈተና ስርቆት ጋር አንድ መስመር ላይ ነው ያለው። ልክ እንዳልሰማሁ ሆኜ ፈርሜ ወጣሁ። አምና ከሌላ ክፍል አንድ ልጅ በዚሁ ነገር ተባሯል። ሊመረቅ ሁለት ወር ነበር የቀረው። በሱም አገር «ጽፈህ አምጣ» ነው የሚሉት። ሻንጣውን እስከ አውቶቡሱ ድረስ አብሬው ይዤለታለሁ።

እኔ ከተባረርኩ የተማሪነት ፈቃዴም አብሮ ይሄዳል። ሮቤ የማስተምርበትን ሥራ ለቅቄ ነው የመጣሁት፤ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ገብቷል። እማዬም ለማኅበሯ ሁሉ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ብላ ጨርሳለች። በየት በኩል ነው ጎባ የምገባው?

ዶክተሯ ለስላሳ ሰው ናት፤ አታጣድፍዎትም። ስለ ተማሪዎችዎ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ መጽሐፍ አንድ ለአምስት ስለምንካፈልበት ጊዜ ቢነግሯት ይበቃታል። ግማሽ ሰዓት ናት ጋሼ። የማይቻል ከሆነም አይቻልም ይበሉኝ። ዝምታዎን ግን አልችለውም።

ጋቢው አይላክ፤ እዚህ ቤት ውስጥ ይሞቃል። እማዬን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ አዜብ


ጎባ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዜብ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱና ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሰሽ። እኛ በዓሉን በደህና አሳልፈናል። ታቦቱ ሲገባ እናትሽ ጉልበቷን ረስታ እስከ ደጁ ሄዳለች፤ አሁን ተኝታ ኪኒን ፈልጉልኝ ትላለች። ስለ ጥርሴ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ።

የላክሽውን ሁለቴ አንብቤዋለሁ። መልስ ከመስጠቴ በፊት የሚከተሉትን ማወቅ ፈልጌ ነው። ሴትዮዋ እዚያው ካናዳ የተወለደች ናት ወይስ ከሌላ አገር የመጣች? ስትናገር ፈጣን ናት? ተማሪዎቹስ ስንት ናቸው? ያዳምጣሉ ብቻ ወይስ መሀል ላይ እየገቡ ይጠይቃሉ? ተናጋሪው አንድ ነገር ባይሰማ ድገሙልኝ ማለት ነውር ነው?

እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ብዙነህ

ከደብዳቤው ፎቶ ቀጥሎ በቴሌግራም የደረሰ፤

አዜብ፣ አካም ጂርታ? እንዴት ነሽ? እኔ ኢህሳን ነኝ። ቲቸር ወረቀቱን ሰጥተውኝ ሻይ ሊጠጡ ወጣ ሲሉ ነው ይሄንን የምጽፍልሽ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ጥርሳቸውን ምንም አላመማቸውም። ከገና ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ከጎባ በሚኒባስ እየመጡ፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው እንግሊዝኛ ቪዲዮ ያያሉ። ጥግ ያለውን ኮምፒውተር ነው የሚወስዱት። ሲያዳምጡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሰው ሲገባ ያጠፉታል። አንድ ቀን «ቲቸር ምን እያሉ ነው?» ብላቸው «ግማሹን አልሰማሁትም» አሉኝ። ወላሂ! እኔንም አንቺንም እንግሊዝኛ ያስተማሩን እሳቸው አይደሉ? ፈርተው ነው አዜብ። እኔ እንደነገርኩሽ እንዳይሰሙ።


ሳስካችዋን
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ብዙነህ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ለጥያቄዎችዎ መልስ ይኸው። ዶክተር ፍሬዘር እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ይጠይቃሉ፣ ግን ጨዋ ናቸው። ድገሙልኝ ማለት ምንም ነውር የለውም፤ እኔ በቀን ሃያ ጊዜ እላለሁ።

አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። እዚህ እንደመጣሁ የመጀመሪያውን ሁለት ወር በክፍል ውስጥ ሰው ሲስቅ እስቅ ነበር። ሰው ሲጽፍ እጽፍ ነበር። የሚሉትን ግማሹን አልሰማም። አንድ ቀን አስተማሪው በስሜ ጠርቶ ሲጠይቀኝ «እስማማለሁ» አልኩት፤ ለካ የጠየቀኝ የሚስማሙበት ነገር አልነበረም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ለእማዬ በስልክ ግን ሁሉም ጥሩ ነው አልኳት። የኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ከየአገሩ የመጡት ሁሉ እንደዚያው እንደነበሩ የገባኝ ኋላ ነው። ስለዚህ ሰው ባይሰማ እኔ አልስቅበትም።

አሁን የምነግርዎትን እባክዎ አይቆጡኝ። የሚናገሩትን ጽፌ ልኬያለሁ። ሦስት ገጽ ነው። ሊጠይቁዎ የሚችሉትንም ከነመልሱ ከኋላው አድርጌዋለሁ። ማንበብ ብቻ ነው። ኢህሳን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ብትለጥፈው ዶክተሯ አታየውም፤ ነግሬያታለሁ። ከበድ የሚሉ ቃላት አነባበባቸው በአማርኛ ፊደል ከጎናቸው ተጽፏል። ሁለት ቦታ ላይ የሚያስቅ ነገር አስገብቻለሁ፤ እዚያ ላይ ትንሽ ፈገግ ይበሉ።

ዶክተር ፍሬዘር የቪዲዮውን መግቢያ ለኢህሳን በኢሜይል ልካዋለች። ስድስት ቀን ቀረን። ምግብ አልበላ ብሎኛል ጋሼ። ይህችን ብቻ ካለፍን ሌላ አላስቸግርዎትም።

ልጅዎ አዜብ


ጎባ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዜብ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እህል ብዪ። ሳይበሉ መጨነቅ ጭንቁን እጥፍ ያደርገዋል እንጂ አያቀለውም።

ኢህሳንን ተቆጥቻታለሁ። «ግማሹን አልሰማም» የሚለውን ደብዳቤሽ ላይ ሳነብ ከማን እንደሰማሽው አወቅኩ። እሷም አልካደችም። ኋላ ታርቀናል፤ ሻይ አስጠጥታኛለች።

ሦስቱን ገጽ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ በጣም ጥሩ ነው። እኔ እንደዚያ ማስተማር ብችል ኖሮ ተማሪዎቼ በመስኮት እየዘለሉ አይወጡም ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ «በመምህርነት ዘመኔ ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው» ይልና መጽሐፍ አንብባ ስላለቀሰች አንዲት ተማሪ ይተርካል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ታሪክ ነው፣ ግን የኔ አይደለም። የማስታውሰውን እንኳ አንቺ ጻፍሽልኝ። ያን ጊዜ ነው ልቤን ያመመኝ።

ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰውን ልንገርሽ። አንቺ ገና ሕፃን ሳለሽ ነው። ተራራውን ሊያዩ የመጡ ሁለት ፈረንጆች መኪናቸው ተበላሽቶባቸው ትምህርት ቤታችን ገቡ። ዳይሬክተሩ «የእንግሊዝኛ መምህራችን ያነጋግራቸው» ብሎ ሰው ላከብኝ። ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ጠመኔውን አስቀመጥኩ፣ ኮቴን ለበስኩ፣ በጓሮ በር ወጥቼ በእግሬ እስከ ሮቤ ሄድኩ። እዚያ ስደርስ የምሠራው ስላልነበረኝ በሚኒባስ ተመለስኩ። ለዳይሬክተሩ ሰው ሞቶብኝ ነው አልኩት። የሞተ ሰው አልነበረም።

ሰዋስው አውቃለሁ። የግስ ርባታ በእንቅልፌም ብትጠይቂኝ አልስትም። ከመጽሐፉ ሰሌዳው ላይ፣ ከሰሌዳው ደብተር ላይ፣ ሠላሳ አራት ዓመት አመላለስኩት። ነገር ግን በሕይወቴ ቋንቋው የአፍ መፍቻው ከሆነ ሰው ጋር አንዲት ዓረፍተ ነገር ተነጋግሬ አላውቅም። ጎባ ውስጥ ልጅም ሽማግሌም «ቲቸር» ይለኛል። ሲጠሩኝ ሁልጊዜ ትንሽ እደነግጣለሁ።

«አንቺው ጻፊና አምጪ» ያልኩሽም ልማድ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ለሌላው ልማድ ነው፤ ላንቺ ግን መጀመሪያ ራሴ ልጽፍ ሞክሬ ነበር። አራት ወረቀት ቀደድኩ። እኔ ብጽፈው በኔ እንግሊዝኛ ምክንያት ይጥሉሻል ብዬ ፈራሁ። እውነቱ ይህ ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ይኸው ዞሮ ደረሰ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ኢህሳን ሱቅ ገባሁ። በሩን መለስ አድርጋልኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥኩ። መዝገበ ቃላት ብቻ ነው የረዳኝ። ለሴትዮዋ አንድ ገጽ ጻፍኩላት። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ እንዳልሆንኩ፣ ጻፊው ያልኳት እኔ እንደሆንኩ፣ እኛ ዘንድ እንዲህ እንደምናደርግና ልጅቷ የታዘዘችውን እንደፈጸመች ነገርኳት። ለቪዲዮውም እንደማልመጣ፣ ምክንያቱንም ጨምሬ። ከዚያ ስለ አንቺ የማውቀውን ጻፍኩ። ኢህሳን በኢሜይል ላከችው። ሦስቱን ገጽሽን አጥፌ ኪሴ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ሳልጠይቅሽ አደረግኩት። ብጠይቅሽ ትከለክይኝ ነበር፣ እኔም እሺ እልሽ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው ብያለሁ፤ አንቺም እንደዚያው በዪ።

ብዙነህ


ሳስካችዋን
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ምን አደረጉኝ? ምን አደረጉኝ ጋሼ?

ዛሬ ጠዋት ዶክተር ፍሬዘር ክፍሉን ሰረዘችው። ለኔ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፤ ነገ በአራት ሰዓት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ እንድገኝ። ሁሌ ከስሜ በፊት የምትጽፈውን «ውድ» አልጻፈችውም።

መከፋትዎ ይገባኛል። ያንን ሁሉ ዓመት ተሸክመውት መኖርዎን ሳነብ አልቅሻለሁ። ግን የሚነገር ከሆነ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ዝም የሚባል ከሆነም ዝም የምለው እኔ ነበርኩ። ሕይወቱ የኔ ነው። አሁን ነገ ገብቼ ምን እላለሁ? ጥፋቱ የሳቸው ነው ብዬ በእርስዎ ላይ ልጨምር? «አዎ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።

ለእማዬ ምንም እንዳይነግሯት።

አዜብ


ሳስካችዋን
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩና ለምወድዎት ጋሼ ብዙነህ፣

ከሁሉ በፊት ይቅርታዎን እለምናለሁ። ያን ደብዳቤ በቁጣ ነው የጻፍኩት፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም። መልስ ሳይጽፉልኝ ሦስት ሳምንት ማለፉ ይገባኛል፤ የሚገባኝም እሱ ነው። ኢህሳን «ደህና ናቸው፣ ሱቅ ግን አልመጡም» ብላኛለች። እኔም ነገሩ ሳይቆርጥ ለመጻፍ አቅም አጣሁ።

ትናንት ውሳኔው ተሰጠ። አልተባረርኩም። መዝገቤ ላይ ማስጠንቀቂያ ገብቷል። ለዶክትሬት ዘንድሮ ማመልከት አልችልም፤ ለሚቀጥለው ዓመት አልከለከሉኝም። ማስተርሱን እጨርሳለሁ። የጠበቅኩት ከዚህ የከፋ ነበር።

ዶክተር ፍሬዘር ግን እንደ ድሮዋ አይደለችም። ጥናቴን ታርምልኛለች፣ በሰዓቷ ታነጋግረኛለች፣ ከዚያ ወዲህ አትስቅም። የከፋት ደብዳቤውን መጻፌ እንዳልሆነ ነግራኛለች። ፊቷ ላይ «አዎ» ማለቴ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ ጋሼ፤ ጊዜ ይፈጅብኛል።

ጉዳዬን ያየው ኮሚቴ ዶክተር ፍሬዘርን ጨምሮ ሦስት ሰው ነበር። እኔ ባለሁበት የእርስዎን ደብዳቤ ድምፅ አውጥተው አነበቡት። መጀመሪያ ምን እንዳደረግኩ ልንገርዎት፣ አይፈረድብኝ። ስህተት ቆጠርኩ። ስድስት ቆጠርኩ። አፍሬ ነበር፤ በእርስዎ ወይም በራሴ፣ በየትኛው እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ስለኔ የሚለው ጋ ደረሱና መቁጠሬን ተውኩ። በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፤

«አዜብ ዘጠነኛ ክፍል እያለች አንድ ቃል በስህተት አስተማርኩ። በማግስቱ መዝገበ ቃላት ይዛ መጣች። እጇን አላወጣችም። ክፍሉ እስኪወጣ ጠበቀች፣ ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ ገጹን ገልጣ አሳየችኝና ሄደች። ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ እንደምትበልጥ አውቅ ነበር። እሷም ታውቅ ነበር። አራት ዓመት ስታከብረኝ ኖረች። ስለዚህች ልጅ ከዚህ የበለጠ የምነግራችሁ የለኝም፤ እንግሊዝኛዬም አይበቃኝም።»

እኔ ረስቼው ነበር ጋሼ። ቃሉ ምን እንደነበር እንኳ አላስታውስም። አንብበው ሲጨርሱ ዶክተር ፍሬዘር መነጽሯን አወለቀች። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከፋይሌ አወጡት። በምትኩ የእርስዎን አስገቡ።

እባክዎ ይጻፉልኝ። አንድ መስመርም ቢሆን።

ልጅዎ አዜብ


ጎባ
የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዜብ፣

እንኳን እግዚአብሔር ከዚያ አወጣሽ። ደብዳቤሽን ኢህሳን ቤቴ ድረስ ይዛው መጣች፤ ከሮቤ ጎባ ለኔ ብላ! በር ላይ ቆማ «ቲቸር፣ አልተባረረችም» አለችኝና እኔ ሳልቀመጥ እሷ ተቀመጠች። እሷ ረመዳን ይዛለች፣ እኔ ሁዳዴ ላይ ነኝ፤ ሻይ ማቅረብ እንኳ አልቻልኩም።

ያልጻፍኩልሽ ተቀይሜሽ አይደለም። እውነትሽን ነበር፤ ሕይወቱ ያንቺ ነው። በሌለሽበት ወሰንኩብሽ። ቢያባርሩሽ ኖሮ በምን አፌ «እውነት ተናገርኩ» እል ነበር? ሦስት ሳምንት እሱን ሳስብ ነው የከረምኩት። ሱቅ ያልሄድኩትም መልስ ይኖራል ብዬ ፈርቼ ነው። ድሮም መሸሽ አውቃለሁ።

ለእናትሽ ዶክተርነቱ አንድ ዓመት እንደሚዘገይ ነገርኳት፤ ሌላውን አልነገርኳትም፣ ሲመችሽ አንቺ ንገሪያት። «እኔ የማልቸኩለውን እነሱ ምን አስቸኮላቸው» አለችኝ። ጉልበቷ ተሽሏታል። ሴትዮዋ ሁለት መስመር ጽፋልኛለች፤ ኢህሳን ካንቺው ጋር አብራ አምጥታዋለች። ገብቶኛል። መልሱን ገና አልጻፍኩም፤ እጽፋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ለምኜሽ ልጨርስ። ስድስት ስህተት ቆጠርኩ ብለሻል። የትኞቹ እንደሆኑ አልነገርሽኝም። ደብዳቤውን ደግሜ ደጋግሜ አየሁት፤ ሁለቱን አገኘሁ፣ አራቱን አላገኘኋቸውም። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ደብተር በቀይ ሳርም የኔን ያረመልኝ አንድ ሰው አልነበረም። የሚያርመኝ ሰው እንዳይኖር ተጠንቅቄ ነው የኖርኩት። ለሴትዮዋ መልስ ከመጻፌ በፊት አርመሽ ላኪልኝ። ምልክቱን ብቻ አታድርጊ፣ ምክንያቱንም ጻፊበት። ማርክም ስጪኝ፤ አትዘኚልኝ። ኢህሳን ታነበዋለች ብለሽ ደግሞ አትጨነቂ፤ ታንብበው።

በዚህኛው ላይ ክፍሉ እስኪወጣ አትጠብቂ።

አጎትሽ ብዙነህ